የጎልፍ ዱላ አያያዝ

ሰው ዕድሜው ሃምሳን ካለፈ በኋላ አዲስ የአያያዝ ትምህርት አያስፈልገውም ባይ ነኝ። እኔ እስክሪብቶ ይዣለሁ፣ የመኪና መሪ ይዣለሁ፣ ቶሮንቶ ከመጣሁ ወዲህ ደግሞ የበረዶ አካፋ ይዣለሁ። እናንተም በእኔ ቦታ ብትሆኑ ይበቃኛል ትሉ ነበር። ሴት ልጅ ያሳደገ ሰው ግን ገና ምን እንደሚያስይዙት አያውቅም።

ልጄ ሜሮን ጄሰን የሚባል ልጅ ወደደች። ቃሪያው እያስለቀሰው እንኳ "ይጣፍጣል" የሚል ጨዋ ልጅ ነው። ጭንቁ የመጣው በአባቱ በኩል ነው። ሚስተር ፒተር ሊተዋወቁኝ ፈልገው ጎልፍ ሜዳ ጋበዙኝ። በእኛ ወግ የልጅቷ አባት ቤቱ ተኮፍሶ ይቀመጣል፤ ሽማግሌዎች ደግሞ ቆመው ይለማመጡታል። እኔ ግን የልጄን የወደፊት አማት ልተዋወቅ ዱላ ይዤ ልወጣ ነው።

"አባዬ፣ ፕሊስ፣ ኢምባረስ እንዳታደርገኝ" አለች ሜሮን። እየሳቀች ነው ያለችው፤ ግን የምሯን ነበር። ልጄ አባቷ እንዲወደድላት ፈልጋለች። ፈራሁ፤ ምን እደብቃለሁ?

ስለዚህ ጋሽ ታደሰ ዘንድ ሄድኩ። ጋሽ ታደሰ እዚሁ ክሬሰንት ታውን ከእኛ ሁለት ፎቅ ከፍ ብለው የሚኖሩ፣ የጎልፍ ሜዳ ሣር ሲያጭዱ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። የመወልወያ እንጨት አስያዙኝ። እኔም ግንድ ልፈልጥ እንደተነሳሁ ሁሉ ጨምድጄ ያዝኩት።

"ምን በደለህና ታንቀዋለህ?" አሉኝ። "ግራህ ከላይ፣ ቀኝህ ከታች። የቀኝህን ትንሿን ጣት ከግራህ ሌባ ጣት ጋር አቆላልፋት። ሪላክስ አድርግ! ሕፃን ልጅ መንገድ ስታሻግር እጇን እንዴት ነው የምትይዘው? አያማትም፣ ግን አታመልጥህም። እንደሱ ያዘው።"

ሜሮንን ስንት መንገድ አሻግሬያለሁ! ግራ እጄ ወዲያው ገባው። ቀኝ እጄ ግን አኮረፈ፤ በግራ ተቀድሞ አያውቅማ! ሳምንቱን ሙሉ ሳሎን ውስጥ እንጨት ስወዘውዝ ባለቤቴ ቴሌቪዥኑን በብርድ ልብስ ጠቅልላ ሰነበተች።

ቀኑ ደረሰ። ሚስተር ፒተር ጣቶቼን አይተው "ናይስ ግሪፕ!" ብለው አያያዜን አደነቁ። ሜሮን ከጄሰን ጎን ቆማ በረጅሙ ተነፈሰች። ኳሱን መታኸው ወይ ብላችሁ እንዳትጠይቁኝ፤ እዚህ የምናወራው ስለ አያያዝ ነው።

ከዚያ የእሳቸው ተራ ሆነ። ኳሳቸው ተንከባልላ ተንከባልላ ጉድጓዱ አፍ ላይ፣ አንድ ስንዝር ሲቀራት ቆመች። ወደ እሷ ሄደው ሊያጎነብሱ ነው። ሰውየው ፀጉራቸው የነጣ፣ ወገባቸውን የሚያማቸው ትልቅ ሰው ናቸው። ትልቅ ሰው ዕቃው ወድቆበት ሲያጎነብስ ዝም ብዬ እንዳይ አላሳደጉኝም። ሮጥኩ። ኳሷን አነሳሁና በሸሚዜ ጠርጌ፣ በሁለት እጄ ይዤ፣ ጎንበስ ብዬ አቀረብኩላቸው።

ጄሰን አፉን ከፈተ። ሜሮን "አባዬ፣ ኖ!" ብላ ፊቷን ሸፈነች። ለካ በጨዋታ መሀል የሰው ኳስ አይነካም! ጋሽ ታደሰ አያያዙን እንጂ ሕጉን አላስተማሩኝም። እዚያው እንዳጎነበስኩ፣ ሠርጉን በገዛ እጄ አፈረስኩት አልኩ።

ሚስተር ፒተር ኳሷን አዩ፣ እኔን አዩ። ዱላቸውን ሣሩ ላይ ጣል አደረጉ። ከዚያ ያንን የታመመ ወገባቸውን ከእኔ ዝቅ አድርገው፣ ኳሷን በሁለት እጃቸው ተቀበሉኝ። ትክክል ይሁኑ አይሁኑ ለማወቅ ልጃቸውን በጎን አዩት።

"ሳምንቱን ሙሉ ሲለማመድ ነበር" አለኝ ጄሰን በእንግሊዝኛ። "አንድ ነገር ከሰጡህ በሁለት እጅ ተቀበል ብዬው፣ እናቴ የስኳር ዕቃ ስታቀብለው ነው የሰነበተችው።"

እኔ እሳቸው ሳይነሱ ቀና ልል አልደፈርኩም። እሳቸውም እኔን ይጠብቃሉ። ከኋላችን ተራ የያዙ ተጫዋቾች ቢጮሁም ማናችንም አልተነቃነቅንም፤ በመጨረሻ ሜሮን እየሳቀች መጥታ ሁለታችንንም በክንዳችን ይዛ አቃናችን።