የፔሩ ካቢኔና የጋሼ ኃይለመስቀል ሱሪ

[ጀጎል፣ «መኪና ግርግር» የሚባለው የልብስ ሰፊዎች መንገድ። ጡረተኛው መምህር ጋሼ ኃይለመስቀል የልብስ ሰፊውን የነስሮን ሽርጥ አገልድመው በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። የስብሰባ ሱሪያቸው አንድ ለእናቱ ናት፤ እሷም ስፌቷ ለቆ የነስሮ የስፌት መኪና ላይ ተጋድማለች። ዘጠኝ ሰዓት የሰፈሩ እድር ምርጫ አለው። ሊቀመንበርነቱን አሥራ ስምንት ዓመት ይዘውታል፤ እሱን ከሚወስዱባቸው ነፍሳቸውን ቢወስዱባቸው ይሻላቸዋል።]

ኃይለመስቀል፦ አራት ነው አልኩህ! አራት ካቢኔ!

ነስሮ፦ አቦ ጋሼ፣ ቅድም ሦስት ብለውኝ ነበር።

ኃይለመስቀል፦ አራተኛው ጋ ሳልደርስ አቋረጥከኛ! ፔሩ ውስጥ አንድ ፕሬዚዳንት ዓመት ሳይሞላው አራት ካቢኔ ቀያየረ። ከአራቱ አንዱማ ሳምንት ብቻ ነው የቆየው።

ነስሮ፦ [መኪናውን አቁሞ] ሳምንት! ወላሂ ለእኔ ለአንድ ኮት እንኳ አይበቃኝም።

ኃይለመስቀል፦ እየሰፋህ አውራ!

ነስሮ፦ እግሬና ጆሮዬ አብረው አይሠሩልኝም። ማነው የሚያወርዳቸው? ወታደር ነው?

ኃይለመስቀል፦ ምን ወታደር! ፓርላማው ነዋ። አዲሱ ካቢኔ ቀርቦ «አምናችሁኛል ወይ?» ይላል። ካላመኑት በቃ፣ ጓዙን ይሸክፋል።

ነስሮ፦ ከተሾመ በኋላ ደግሞ ይለምናል? እናንተ እድርም እንደዚያ ነው?

ኃይለመስቀል፦ እኛ ፔሩ አይደለንም! አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ ማን ጠየቀኝ? የዛሬውም ምርጫ ለወጉ ነው።

ነስሮ፦ እውነት ነው፣ ማንም። [ክሩ መርፌው ውስጥ አልገባ ብሎታል] እና ፓርላማ የሚቀርበው ሰውዬ መንገድ ላይ ወሬ ይዞት ቢቀርስ?

ኃይለመስቀል፦ ወንበሩን ለወሬ የተወ ቂል ምኑ ይጠበቃል? ወዲያው ሌላ ይተካበታል። የእኛም ደንብ «ያልተገኘ እጩ አይመረጥም» ይላል፤ እኔው ነኝ የጻፍኩት።

ነስሮ፦ ማሻአላህ፣ ጥሩ ደንብ ነው። [ስልኩ ይጮኻል] አቤት እትዬ ዕፀገነት… አለቀ?… ሁሉም እጅ አወጣ? እሰይ!

ኃይለመስቀል፦ የእኔ ሚስት አንተ ጋ ምን ትደውላለች? ምኑ ነው ያለቀው?

ነስሮ፦ ስብሰባው።

ኃይለመስቀል፦ ስንት ሰዓት ሆነ?

ነስሮ፦ አሥር አልፏል። ፔሩ ሩቅ አገር ናት ጋሼ።

ኃይለመስቀል፦ [ሽርጡን በሁለት እጃቸው ጨብጠው ብድግ ይላሉ] ማን ተመረጠ?

ነስሮ፦ እሳቸው ናቸዋ፣ እትዬ! ጠዋት እርስዎ ሱሪዋን ሊያሰፉ ሲወጡ ደውለው «ቀስ ብለህ ስፋ፤ ክር ባጠረህ ቁጥር ስለ ፔሩ ጠይቀው» አሉኝ።

ኃይለመስቀል፦ [ተመልሰው ቁጭ ይላሉ] አሥራ ስምንት ዓመት፣ ነስሮ! ከፋኝ እኮ።

ነስሮ፦ አይክፋዎት አቦ። ካቢኔው ተቀየረ እንጂ ከቤትዎ አልወጣም።

ኃይለመስቀል፦ በል ሱሪዬን ስጠኝ፤ ሄጄ እቃወማለሁ!

ነስሮ፦ አፉ ይበሉኝ ጋሼ፣ ሊቀመንበሯ ሳይፈቅዱ አልሰጥም።