ሁለት ኪሎ ከሩብ ወግ

ትናንት ከምሳ በኋላ፣ ቢሮዬ ውስጥ ጠረጴዛዬ ላይ ክንዴን ተንተርሼ ሕልም አየሁ። ብዙ ሕልም የማይ ሰው አይደለሁም፤ ባይም ለሰው የሚነገር ዓይነት አይገጥመኝም። የዚህኛው ጥፋት ምሳ ላይ የበላሁት ሽሮ ይመስለኛል።

ከሕልሙ በፊት ምን ላይ እንደተኛሁ ልናገር። ክንዴ ሥር ለቅዳሜ ጋዜጣ የጻፍኩት ጽሑፍ ነበር። ርእሱ «ወግ ሲጠብቁ ዘር የሚጠብቁ» ይላል። ስለ ጋሽ ባንጃው ነው። ጋሽ ባንጃው አንድ የሰፈር እድር ሃያ ስድስት ዓመት በሊቀመንበርነት የመሩ ሽማግሌ ናቸው። እድሩ ውስጥ ሦስት ቀብር ያለ በቂ ምክንያት የቀረ አባል ይሰረዛል የሚል ደንብ አለ። ዘንድሮ አንድ አባል ተሰረዘና «በዘሬ ነው የሰረዙኝ» ብሎ ፌስቡክ ላይ ለጠፈ። ስንት ሺህ ሰው ተቀባበለው። ለእኔ ይሄ በቂ ነበር። ደንብ አልቀይርም የሚል ሽማግሌ፣ የተሰረዘ ሰው፣ የተቆጣ ሕዝብ፤ ጽሑፉ ግማሹ ተጽፎ እጄ የገባ ያህል ነው። በእኛ ሙያ «ወግ አጥባቂ» ብለህ ከጻፍክ «ዘረኛ» የሚለው ቃል ጣትህ ላይ ራሱ ይመጣል። ጋዜጣው ቅዳሜ ይወጣል። እሁድ ደግሞ የእድሩ አባላት ሽማግሌውን እናንሳቸው ወይስ እንተዋቸው ብለው ይሰበሰባሉ።

ፎቶ ልታነሳቸው የሄደችው ፍሬሰላም ስትመለስ አንድ ነገር ነግራኝ ነበር። በዚያው ወር፣ በዚያው ደንብ፣ ጋሽ ባንጃው የገዛ ወንድማቸውን ልጅ ሰርዘዋል። አንቀጹ ይረዝማል ብዬ ተውኩት። ስልክም ሳልደውልላቸው «በእጅ ስልካቸው ደጋግመን ብንደውልላቸውም ልናገኛቸው አልቻልንም» ብዬ ጨረስኩ። ይህቺን ዓረፍተ ነገር ሁልጊዜ አስቀድሜ ነው የምጽፋት። በኋላ እደውላለሁ እላለሁ፤ አንዳንዴም እደውላለሁ። ገጹ ወደ ማተሚያ ቤት የሚላከው አሥር ሰዓት ላይ ነበር። ስምንት ሰዓት ተኩል ሲሆን ዓይኔን ከደንኩ።

በሕልሜ ወደዚያው ወደ ቢሮዬ እየገባሁ ነው። በሩ ላይ ዘበኛችን አያ ሞላልኝ የሉም። በእሳቸው ፋንታ ዋና አዘጋጃችን የእሳቸውን ካፖርት ለብሶ የሚገባውን ሰው ሁሉ ኪስ ይዳብሳል። አያ ሞላልኝ የት ሄዱ ስለው፣ ፎቅ ላይ ርእሰ አንቀጽ እየጻፉ ነው አለኝ። ደረጃው ሥር አንዲት ጉልት ቸርቻሪ ትልቅ የሽንኩርት ሚዛን ዘርግታ ተቀምጣለች።

«ተቀመጥበት» አለችኝ።

«ኪሎዬን አውቀዋለሁ፤ ሰባ ሁለት ነው።»

«ሥጋህን ማን ፈለገው? ወግህን ነው የምመዝነው። እስከ ሁለት ኪሎ ሰው ነህ፤ ከሁለት ኪሎ ካለፍክ ዘረኛ ነህ።»

«ማን ነው እንዲህ ያለው?»

«አንተ ነሃ! ቅዳሜ ይወጣል።»

ሚዛኑ ላይ ተቀመጥኩ። ቀስቱ ሩብ ኪሎ ላይ ቆመ። ደስ አለኝ። ለነገሩ ጠብቄው ነበር፤ ዘመናዊ ሰው ነኝ። ሴትዮዋ ወረቀት ልትጽፍልኝ ስትል አንድ ከዘራ የያዙ ሽማግሌ በበሩ ገቡ። ሳላስበው ብድግ ብዬ «ኖር!» አልኩ። «በእግዜር፣ ተቀመጥ» ብለው አለፉ። ቀስቱ አንድ ኪሎ ላይ ደረሰ።

«አመለጠኝ እኮ» አልኳት።

«ሁሉም እንደዚያ ነው የሚሉት» አለችኝ።

ከዚያ በኋላ አልነሳም ብዬ የሚዛኑን ጠርዝ በሁለት እጄ ጨብጬ ያዝኩ። በውጭ በኩል አስከሬን አለፈ፤ እጄ ከጠርዙ ተላቆ ባርኔጣዬን አወለቀ። አንድ ኪሎ ተኩል። ሴትዮዋ አነጠሰች፤ ይማርሽ አልኳት። ሩብ ጨመረ። እሷም ውጤቱን ጽፋ ወረቀቱን ስትዘረጋልኝ ጎንበስ ብዬ በሁለት እጄ ተቀበልኳት። ቀስቱን አየች፣ ወረቀቱን መልሳ ከእጄ ቀማችና አስተካክላ ጻፈችው። ሁለት ኪሎ ከሩብ።

«ዘረኛ» ብላ አነበበችልኝ።

«የየትኛው ዘር?»

«እሱ የእኔ ሥራ አይደለም፤ በጎቹ ይነግሩሃል።»

ወዲያው የበግ ተራ ነበርኩ። በዓል ሁለት ቀን የቀረው ይመስል ሜዳው ጢም ብሏል። ሰዎች አንገታቸው ላይ ገመድ ገብቶ በየረድፉ ቆመዋል፤ በጎቹ በመሀላቸው እየተዘዋወሩ የሰው ወገብ ይጨብጣሉ። የእኔን ገመድ የያዘው ዋና አዘጋጃችን ነው። አንድ ወፍራም ሙክት መጥቶ ጎኔን ዳበሰኝ፤ ከንፈሬንም ገልጦ ጥርሴን አየ።

«የየት ነው?» ሲል ዋና አዘጋጁን ጠየቀው።

«የዚሁ የከተማ ነው። ቤት ያደገ ነው።»

«የከተማ የሚባል የለም። እናቱ የየት ናት?»

«እናቴ እንኳ…» ብዬ ልጀምር ስል ሙክቱ ተቆጣ።

«የሚሸጥ አይናገርም! ወጉስ ስንት ነው?»

«ሁለት ኪሎ ከሩብ» አለ አዘጋጁ።

«እንዲያ ከሆነማ ዘር አያጣም።» ወደ ኋላዬ ዞረና ከወገቤ በታች ፈለገ። «ላት የለውም» አለ ቅር እያለው። «በላቱ ነበር የምንለየው። በሉ እናንተው ጻፉለት።»

ሁለት ጠቦቶች የቀይ ቀለም ቆርቆሮ ይዘው መጡና በጎች ላይ ምልክት እንደሚደረገው ጀርባዬ ላይ አንድ ቃል ጻፉ። ቀለሙ ቀዘቀዘኝ። አንገቴን ባዞር፣ ብጠማዘዝ፣ ምን እንደተጻፈ ማየት አልቻልኩም። ከኋላዬ የቆመ ሰው ሁሉ ግን ያነባል፤ አንብቦም ከንፈሩን ይመጥጣል።

«ምን ይላል?» ብዬ አንዱን ለመንኩት።

«ቅዳሜ ታነበዋለህ» አለኝና ራቅ ብሎ ቆመ።

በዚህ መሀል ጥሩምባ ተነፋ። የእድር ጥሩምባ ነው፤ የትም ብሆን አውቀዋለሁ። ነፊው በሜዳው ጫፍ እየሄደ ይጮሃል። «የአቶ ገላዬ ልጅ ሙሉሰው ዘረኛ ሆኗል! ዛሬ በስድስት ሰዓት ድንኳን እንገናኝ! ያልሰማ ጎረቤት ካለ ንገሩት!» ሙሉሰው እኔ ነኝ። የአባቴ ስም እንደዚያ ሲጠራ «አልሆንኩም!» ብዬ ጮህኩ። ጥሩምባ ነፊው ሰማኝ፤ ግን ጥሩምባውን አፉ ላይ መለሰ።

ድንኳን ውስጥ አግዳሚዎቹ ላይ የተቀመጡት ሙታን ነበሩ። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ እድሩ የቀበራቸው በሙሉ መጥተዋል፤ አፈራቸውን እያራገፉ ጨዋታ ይዘዋል። በሕይወት ያለነው ቆመናል። ከፊት ጋሽ ባንጃው ጠረጴዛ ላይ በእኔ ብዕር ይጽፋሉ። ልክ ፍሬሰላም ባነሳችው ፎቶ ላይ እንዳሉት ፊታቸውን አጨማድደዋል። ፀሐይ ድንኳኑ ውስጥ ከዓይናቸው አንድ ክንድ ርቃ ተንጠልጥላለች፤ የሚያጨማድዳቸው እሷ ነች፤ ማንም ግን ዞር አላደረጋትም።

አጠገቤ ወደተቀመጠው ሟች ጎንበስ ብዬ «እርስዎ የየት ነዎት?» አልኩት። ለምን እንደጠየቅኩት አላውቅም።

«የረድፍ አሥራ አራት» አለኝ።

«ዘርዎን ማለቴ ነው።»

«እንጃ። ባንጃው ሲቀብረኝ አልጠየቀኝም። የዚያን ቀን ዝናብ ነበር፤ አንድ እግር ጫማው ጭቃው ውስጥ ቀረ። እንደዚያው በካልሲ ነው የጨረሰው።»

አፈርኩ። በሕልም ማፈር እንደሚቻል አላውቅም ነበር።

ጋሽ ባንጃው ቀና አሉ። «ስማቸው እንዲገለጽ ያልፈለጉ የማኅበረሰብ ጥናት ባለሙያ ይቅረቡ» አሉ። አንድ ሰው ጭንቅላቱ ላይ ቅርጫት ደፍቶ ገባ። ኮቱን አወቅኩት፤ ሁለተኛው ቁልፉ የለም። የእኔ ኮት ነው። እኚህ ባለሙያ ጽሑፌ ውስጥ ሦስት ቦታ ላይ ተጠቅሰዋል፤ የተናገሩትን ሁሉ የተናገርኩት እኔ ነኝ።

«እንዲህ ዓይነት ሰዎች» አለ ቅርጫቱ በእኔ ድምፅ፣ «ቁም ሲባሉ የሚቆሙ፣ ሰው ሲያልፍ የሚነሱ፣ ከላይ ሲታዩ ጨዋ ናቸው። አደጋው እዚያ ላይ ነው።»

ሙታኑ ራሳቸውን ነቀነቁ። ከኋላ አንድ ጎልማሳ እጁን አወጣ። «እኔ የጋሽ ባንጃው ወንድም ልጅ ነኝ። እኔም ሦስት ቀብር ቀርቼ ተሰርዣለሁ። አጎቴ…»

«አንቀጹ ይረዝማል! ተቀመጥ!» ብሎ ድንኳኑ በአንድ አፍ ጮኸ። ጎልማሳው ተቀመጠ።

ሰው አቋርጬ ወደ ጠረጴዛው ሄድኩ። ጋሽ ባንጃው የመጨረሻውን መስመር እየጻፉ ነበር። ጽሑፉ የሚነበበው ከእኔ አቅጣጫ ነው። «በእጅ ስልኩ ደጋግመን ብንደውልለትም ልናገኘው አልቻልንም» ይላል።

«ጋሼ፣ ፊትዎ ቆሜ እኮ ነው!» አልኳቸው።

«አየሁህ ልጄ። ኖር ብዬህ ልነሳ ነበር፤ ሥራ ያዘኝ።»

«ታዲያ ይጠይቁኛ! ጀርባዬ ላይ የተጻፈው ውሸት ነው።»

«ሊሆን ይችላል።»

«እናቴ ይህን ድንኳን ብታየው ምን ትላለች? ነገ የት እገባለሁ? ዝም ብለው አንዷን መስመር ይሰርዙልኝ።»

«እሷን ከሰረዝኩ» አሉ ረጋ ብለው፣ «ከላይ ያለው ሁሉ ሊጠየቅ ነው። ገጹም ሞልቷል።»

ቁጣም አልነበረባቸውም። ይሄ ነው ያስፈራኝ። ልክ እኔ አርብ አርብ የምሠራውን ሥራ እንደምሠራው ነበር የሚሠሩት፤ ቶሎ ጨርሶ ወደ ቤት እንደሚሄድ ሰው።

ሌላ ዘዴ ስላልመጣልኝ ስልኬን አውጥቼ ደወልኩላቸው። ኪሳቸው ጠራ። ሙታኑ ጨዋታቸውን አቁመው የጋሽ ባንጃውን ኪስ ያያሉ።

«ያንሱት፣ ጋሼ! እኔ ነኝ!»

«አውቃለሁ አንተ መሆንህን» አሉ። ብዕሩን ከደኑት። ስልኩ ይጠራል። ጀርባዬ ላይ ቀለሙ እየደረቀ ቆዳዬን ሲስበኝ ይሰማኛል። ይጠራል፣ ያቆምና እንደገና ይጠራል።

ነቃሁ።

የሚጠራው የእኔ ስልክ ነበር። አሥር ሰዓት ከሃያ። ከዚያው ቁጥር አራት ጊዜ ተደውሎ አልፎኛል። ገጽ የምታቀናብረው ኤፍራታ ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ አድርጋ ልትወጣ ስትል አየችኝና ሳቀች።

«ተኝተህ ስላሳዘንከኝ አልቀሰቀስኩህም። ገጹን ልኬዋለሁ። ፎቶው ላይ አጠገባቸው የነበሩትን የእድር ሰዎች ቆረጥኳቸው፤ ብቻቸውን ፊታቸውን ቋጥረው ሲታዩ ከርእሱ ጋር ሄደ።»

ስልኩን አነሳሁት።

«አሎ? አቶ ሙሉሰው ነዎት? ይቅርታ ጌታዬ፣ ሥራ ላይ ያለ ሰው አስቸገርኩ። ባንጃው እባላለሁ፣ የእድሩ። ያቺ ፎቶ ያነሳችኝ ልጅ ‹ጋዜጠኛው ይደውልልዎታል› ብላኝ ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ስልኩን ከእጄ አልለየሁትም፤ ቀብር ላይም ይዤው ነው የዋልኩት። ሳይጠራ ሲቀር ጊዜ ተበላሽቶ ይሆናል ብዬ ልጄ ሌላ ቀፎ ሰጠችኝ። እሱም አልጠራ ሲል ቁጥርዎን ከፎቶ አንሺዋ ተቀበልኩ። እንግዲህ የፈለጉትን ይጠይቁኝ፤ ሰነዱም፣ የተሰረዙት ሰዎች ዝርዝርም አጠገቤ ነው። እንደው እኔን ሲፈልጉ እንዳይቸገሩ ብዬ ነው።»

የማተሚያ ቤቱ ቁጥር ስልኬ ውስጥ አለ። ገጽ ማስቆም ይቻላል፤ ከዚህ በፊት ሁለት ጊዜ አስቁሜ አውቃለሁ። የሚፈጀው አንድ ስልክ ነው፣ ከዚያ ደግሞ ለዋና አዘጋጁ ለምን እንዳስቆምኩ መናገር።

«አሎ? አሎ? ጋሼ፣ አይሰማም» አልኩ።

ጥርት ብሎ ይሰማ ነበር። ያኔ ነው ከወንበሬ መነሳቴን ያየሁት። ስማቸውን ሲነግሩኝ ብድግ ብዬ ኖሯል፤ ይሄን ሁሉ ጊዜ ጎንበስ ብዬ በአክብሮት ቆሜ ነው የሰማኋቸው።

«ኔትወርኩ ይሆናል፣ ቆይ ወደ ደጅ ልውጣ» አሉ። ወንበር ሲገፋ፣ በር ሲከፈት፣ ከዘራቸው ደረጃ ሲነካ ሰማሁ። «አሁንስ ይሰማል፣ ጌታዬ?»

ስልኩን ዘግቼ ተቀመጥኩ።