ጋሽ ታደሰ ሲፈርም

ዛሬም ድረስ ስሙን መጻፍ የሚፈራ ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? እኔ የላፍቶው የሱቅ ጎረቤቴ ጋሽ ታደሰ አለልኝ። ገበያ ሲጠራ ድምፁ ለቡ ድረስ ይሰማል። የቀይ ሽብር ሙዚየም ስንገባ ግን ወደ ሹክሹክታ ወረደ። የተገደለው ወንድሙ ፎቶ ግድግዳው ላይ አለ።

«የትኛው ነው?» አልኩት።

«ጣትህን አትቀስር፣ ካሜራ አለ!»

«ጋሼ፣ ያ መንግሥት እኮ ከወደቀ ቆየ!»

«ካሜራው መቼ ወደቀ?»

መውጫው ላይ የጎብኚዎች መዝገብ ሰጡት። ስለ ወንድሙ ገጹን ሞላው፤ ፈረመም። ደፈረ ብዬ ደስ አለኝ።

አስጎብኚዋ አነበበችና «አቶ ሽፈራው የትኛችሁ ናችሁ?» አለች።

ሽፈራው እኔ ነኝ። ወንድም የለኝም። ጋሽ ታደሰን ባየው፣ እንባውን እየዋጠ ጣሪያ ጣሪያውን ያያል።

«የወንድምዎን ነፍስ ይማር» አለችኝ።

ካሜራውን ሰረቅ አድርጌ አየሁና፣ በሹክሹክታ «አሜን» አልኩ።