ጣሊያን ነው ያልኳችሁ ቦርሳ

ሰዎች! ኔት ተመለሰ። እኔ ግን በምን ፊቴ ወደ እናንተ እንደምመለስ ጨንቆኛል!

ያንን ቡናማ ቦርሳ ታስታውሱታላችሁ አይደል? ኔት ከመጥፋቱ በፊት የለጠፍኩትን? «ኦሪጅናል የጣሊያን ቪንቴጅ፣ ሙሉ በሙሉ በእጅ የተሰፋ፣ ዘለበቱ ንጹሕ ነሐስ» ብዬ፣ ስፌቱን በቀይ ቀስት እያሳየሁ ሌክቸር የሰጠኋችሁን?

እናንተም ከሥሩ «ጣሊያኖች እኮ ሌላ ናቸው!» «እኛ አገር መቼ ነው እንዲህ የሚሠራው?» ብላችሁ ያጥለቀለቃችሁኝን?

ጣሊያን አይደለም።

ቆይ፣ አሁን አትሳቁ። ገና ነው፣ የሚያስቀው ከፊት አለ።

ለአዲስ ፎሎወሮቼ ራሴን ላስተዋውቅ። ሰበታ አጠገብ፣ ዓለም ገና፣ ከእናቴ ጋር ተከራይተን ነው የምንኖረው። ሥራዬ አሮጌ የቆዳ ቦርሳ ማደስ ነው። ሰው የጣለውን ከልባሽ ክምር ውስጥ መርጬ አወጣለሁ፣ አጸዳለሁ፣ የተተረተረውን እሰፋለሁ፣ ቀለሙን እመልሳለሁ፣ ክሬም አጠጣዋለሁ። እናቴ «ቤቱን የሊስትሮ ሳጥን አስመሰልሽው» ትላለች። እንግዳ ሲመጣ ግን ከሁሉ አስቀድማ የምታሳየው የእኔን ቦርሳዎች ነው።

ጎበዝ ነኝ። ከዛሬው ጉድ በኋላም ይህን አልክድም።

ደግሞ አንድ ሕግ ነበረኝ። ፔጄ አናት ላይ ሰቅዬዋለሁ፦ «ቆዳ ላይ ቅቤ የሚቀባ ሰው ብሎክ ይደረጋል!!! ቅቤ ለፀጉር ነው!»

ይቺን ሕግ ያዙልኝ።

የቦርሳው ባለቤት አዴ ዲንቂቱ ናቸው፤ «አዴ» በኦሮምኛ እንደ እትዬ ማለት ነው። ሰበታ ሠላሳ ዓመት አስተምረው ጡረታ የወጡ መምህርት። ቦርሳውን በነጠላ ጠቅልለው ይዘውልኝ መጡ። ሻግቷል፣ ወዙ ጠፍቷል፣ ቅርጹ ግን ቀጥ እንዳለ ነው።

«ለልጄ ለሲፈን ነው» አሉኝ። «ሽማግሌ የሚመጣላት ቀን እንድታነግተው።»

አገላብጬ አየሁት። ስፌቱ ጉድ ነው! በአንድ ቀዳዳ ሁለት መርፌ ከግራና ከቀኝ የሚተላለፍበት፣ አንዱ ክር ቢበጠስ ሌላው አጥብቆ የሚይዝ ስፌት። ይህን ያህል ዓመት ስሠራ እንዲህ ያለ እኩል ስፌት አልገጠመኝም።

«አዴ፣ ይሄ እኮ ጣሊያን ነው!» አልኳቸው።

ቦርሳውን በመዳፋቸው ዳበስ አደረጉት። ከዚያ ፈገግ አሉና «አንቺ ካልሽ» አሉ።

አንቺ ካልሽ! እኔ ይህን እንደ ሰርተፊኬት ቆጥሬው በነጋታው ለጠፍኩት።

ሽማግሌ የሚመጣው ዛሬ ስምንት ሰዓት ላይ ነበር።

እንግዲህ ይሄ ሳምንት እንዴት እንደነበር ለእናንተ አልነግራችሁም። በአዲስ አበባው ማስተር ፕላን ተቃውሞ መንገዱ ተዘግቶ፣ ሱቁ ተቆልፎ፣ ሁላችንም በር ዘግተን የሩቅ ድምፅ ስናዳምጥ ከረምን። ልጇ ወጥቶ ያልገባላት እናት ጎረቤታችን አለች። ፈርቼ ነበር። ስፈራ ደግሞ እጄ ሥራ ካልያዘ አልችልም።

ስለዚህ ቦርሳውን አጠብኩት። ደግሜ አጠብኩት። የሻጋታው ሽታ እንዳይቀር ብዬ በኮምጣጤ ወለወልኩት። ከዚያ ፀሐይ ላይ አሰጣሁት። እናንተን «በፍጹም እንዳታደርጉት!» የምላችሁን ሁሉ አንድ በአንድ አደረግኩት።

ቆዳው እንደ ቋንጣ ደረቀ።

ክሬሙ የት ነው? አዲስ አበባ። መንገዱስ? ዝግ። ሽማግሌውስ? ነገ!

አዎ። እናቴ ለፀጉሯ ካስቀመጠችው ለጋ ቅቤ ወሰድኩ።

ብሎክ አድርጉኝ፣ ይገባኛል።

ግን ሰዎች፣ ብታዩት! የደረቀው ቆዳ እየጠጣ፣ እየጠጣ፣ እጄ ላይ ለሰለሰ። ቀለሙ ከውስጥ ወጣ። ደስ ሲለኝ ጨመርኩለት። ሲጠጣልኝ ደግሞ ጨመርኩለት። ኔት ባለመኖሩ ነው እንጂ «ቢፎር ኤንድ አፍተር» ብዬ ለጥፌው ነበር። ምን እንደቀባሁት ግን አልናገርም ነበር።

ዛሬ እናቴ በሩ ላይ ቆመች። «በዚህ ቀን? ለቦርሳ ብለሽ?»

«ለቦርሳ አይደለም እማዬ፣ ለቃሌ ነው» አልኳት። እንዴት ያለ አነጋገር! ራሴን አደነቅኩት። የሰው ሽምግልና ቤት ስለምሄድ ነጩን የሐበሻ ቀሚሴን ለብሼ ወጣሁ።

ባጃጅ የለም። ታክሲ የለም። ከዓለም ገና ሰበታ በእግር፣ በዚያ ፀሐይ፣ ቦርሳውን ደረቴ ላይ አቅፌ።

ቅቤ ፀሐይ ሲያገኘው ምን እንደሚሆን የማያውቅ ሰው አለ? አንዲት አለች። ቦርሳ ታድሳለች።

ድንጋይ የተደረደረበት ቦታ ስደርስ ወጣቶች አስቆሙኝ። ቦርሳውን ይበልጥ አጥብቄ አቀፍኩት። አንደኛው መጣና «ምንድነው የያዝሽው?» አለኝ።

«የአዴ ዲንቂቱ ቦርሳ ነው። ዛሬ ለሲፈን ሽማግሌ ይመጣል።»

ፊቱ ወዲያው ተለወጠ። «ቲቸር ዲንቂቱ? እኔንም አስተምረውኛል» አለና ወደ ጓደኞቹ ዞሮ «ዲሳ፣ ሃ ደበርቱ!» ብሎ ጮኸ፤ ተዉአት ትለፍ ማለቱ ነው። ድንጋዩን በእግሩ ገፋልኝ። አመስግኜ ጥቂት እንደሄድኩ ከኋላዬ ተጣራ።

«እህቴ! ቀሚስሽ ቅቤ በልቷል!»

አጎንብሼ አየሁ። ነጩ ቀሚሴ ላይ፣ ደረቴ መሐል፣ ከነማንገቻው ቁልጭ ያለ የቦርሳ ቅርጽ። ዞር ስል ደግሞ ሁለት ውሾች ይከተሉኛል። እስከ ሰበታ ድረስ አጅበውኝ ሄዱ።

ስደርስ ስምንት ሰዓት አልፏል። ሽማግሌዎቹ ቀድመውኛል! አራት ሰዎች ዘንጋቸውን ይዘው ሳሎኑ መሐል ቆመዋል። ታውቃላችሁ፣ ሽማግሌ የመጣበት ነገር እስኪመለስለት ተቀመጥ ቢሉት አይቀመጥም። እኔ ደግሞ በሩ ላይ ቅቤዬን እያንጠባጠብኩ ቆሜያለሁ።

አዴ ዲንቂቱ ቦርሳውን ተቀበሉኝ። ጣታቸውን ከጣታቸው አሸት አሸት አደረጉ። ሲፈን ከጓዳው በር አጠገብ ቆማ አንዴ እናቷን አንዴ ቀሚሴን ታያለች። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስታዬ ነበር።

አልተቆጡኝም። ሽማግሌዎቹን «አንድ ጊዜ ታገሱኝ» አሏቸው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው «ሂጂ ጓዳ፣ የስንዴ ፉርሽካና የሞቀ ጨርቅ አምጪልኝ» አሉኝ።

እኔን! ፕሮፌሽናሏን!

አዴ በርጩማ ላይ ቁጭ አሉ። ፉርሽካውን ቦርሳው ላይ በተን አደረጉና በመዳፋቸው ማሸት ጀመሩ። ፉርሽካው ትርፉን ቅቤ ሲጠጣ ያራግፉታል፣ ሌላ ይጨምራሉ፣ በአውራ ጣታቸው ስፌቱን ተከትለው ይወርዳሉ፣ በሞቀው ጨርቅ ይወለውላሉ። «ቅቤው ጥፋት የለበትም» አሉኝ ቀና ሳይሉ። «መጥነሽ ትቀቢያለሽ፣ ታሺያለሽ፣ ታራግፊያለሽ።»

በሦስት ቃለ አጋኖ የጻፍኩት ሕግ እንዲህ ሆኖ ፈረሰ።

ሳህን ይዤ ቆሜያለሁ። ሽማግሌዎቹም እንደቆሙ ናቸው። ቦርሳው ግን ዓይናችን እያየ ያምራል። እንዲህ የሚያውቅ እጅ አይቼ አላውቅም፣ የራሴን እጅ ጨምሮ።

ከሽማግሌዎቹ በዕድሜ ትልቁ ኦቦ ቱሉ ናቸው። ዘንጋቸውን ተደግፈው ጎንበስ አሉ። «ይሄ ዘለበት የበቅሎ ልጓም ዘለበት አይደለም እንዴ?»

እዚህ ላይ ዝም ማለት ነበረብኝ። ጎበዝ ሰው ዝም ይላል።

«አይደለም አባቴ!» አልኩ። «የጣሊያን ነሐስ ነው። ስፌቱን ይመልከቱት፣ ይሄ ከአውሮፓ ውጭ የትም አይገኝም!» አላቆምኩም። ደረቴ ላይ ቅቤ እየወረደ፣ ለአራት ሽማግሌ፣ ስለ ጣሊያኗ የቆዳ ከተማ ስለ ፍሎረንስ አስረዳሁ!

«ተይ ልጄ» አሉ አዴ ዲንቂቱ። እጃቸው ቆመ። «ጣሊያን አይደለም። መምህርነት ልማር ስሄድ አባቴ ነው የሠራልኝ። አባቴ ፋቂ ነበር።»

ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ።

ወጣት ለሆናችሁት ላስረዳ። ፋቂ ቆዳ የሚያለፋ፣ ኮርቻና ልጓም የሚሠራ ሰው ነው። የእጁን ሥራ የማይፈልግ የለም። ሰውየውን ግን ከቤት አያስገቡትም፣ ከማዕድ አያቀርቡትም፣ ከልጁም አይጋቡም። በዚህች አንድ ቃል ስንት ትዳር ገና ሳይጀመር ቀርቷል። አዴ ይህቺን ቃል ዕድሜያቸውን ሙሉ ውጠዋት ኖረዋል። «አንቺ ካልሽ» ያሉኝም ለዚህ ነው። ዛሬ ግን በልጃቸው ቀን፣ በገዛ ቤታቸው፣ እኔ አባታቸውን ነጥቄ ለጣሊያን ስሰጥባቸው አልቻሉም።

የእኔ አፍ ነው ያመጣው። ሲፈን የበሩን መቃን ይዛ ቆማለች። የዚችን ልጅ ትዳር ያፈረስኩት እኔ ነኝ ብዬ አሰብኩ።

አንደኛው ሽማግሌ ጉሮሮውን ጠረገ። «ይሄ ነገር ቀድሞ ቢነገረን ኖሮ…»

ኦቦ ቱሉ በዘንጋቸው ወለሉን መታ አደረጉ።

«የአባትዎ ስም ማን ነበር?» አሉ።

«ዋቆ» አሉ አዴ ዲንቂቱ። ቀና ብለው ነው የመለሱት። «ኦቦ ዋቆ ብሎ አክብሮ የጠራው ሰው ግን አልነበረም።»

ኦቦ ቱሉ የቦርሳውን ዘለበት በጣታቸው ዳበሱት። «እኔ በኦቦ ዋቆ ኮርቻ ነው የተሞሸርኩት» አሉ። «ኮርቻውን ይዞ ሲመጣ አባቴ ከአጥር ውጭ ተቀበለው። ምሳውንም እዚያው ቆሞ በላ። ዛሬ እኛ የሱ ልጅ ቤት ገብተን የልጅ ልጁን እንለምናለን። በእኛ ሥራማ ቢሆን እርስዎም ከአጥር ውጭ ሊመልሱን ይገባ ነበር። ቢመልሱን አንቀየምም።»

አዴ ዲንቂቱ ከጭናቸው ላይ ፉርሽካውን አራግፈው ተነሡ። ሲፈንን አዩአት። ሲፈን እንባዋን በነጠላዋ ጠርጋ ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች።

«ታኣ፣ ኦቦ ቱሉ» አሉ። «ሁላችሁም ተቀመጡ።»

ተቀመጡ! ጉሮሮውን የጠረገውም ተቀመጠ። እኔም እግሬ ስለዛለ ከነቅቤዬ የሰው ሶፋ ላይ ዘፍ አልኩ፤ ስለ ሶፋው ሌላ ቀን ይቅርታ እጠይቃለሁ።

አሁን የምጽፍላችሁ ከጓሯቸው ሆኜ ነው። ሲፈን ቦርሳውን አንግታ ፎቶ አንስቻታለሁ፤ ያማረባት እንዴት ነው መሰላችሁ! ውሾቹም እዚሁ ናቸው፣ ወደ ቤት አብረን እንመለሳለን መሰለኝ። ያንን ፖስት ላጥፋው ወይ ብዬ አዴን ጠየቅኳቸው።

«አታጥፊው» አሉኝ። «ስሙን አስተካክዪው።»

እነሆ አስተካከልኩ። ቦርሳው የተሠራው ሰበታ ነው። የሠሩት ኦቦ ዋቆ ናቸው። ዘለበቱ የበቅሎ ልጓም ነው። በቅቤ ምክንያት ብሎክ ያደረግኳችሁ ሁሉ ይቅርታ፣ ተመለሱ፤ ግን ፉርሽካ ያዙ! መንገድ ሲከፈት አዴ ዲንቂቱ ጋ ተማሪ ሆኜ እገባለሁ። ሠላሳ ዓመት ያስተማሩ ሰው እንደ እኔ ያለ ደረቅ ተማሪ ገጥሟቸው አያውቅም ይሆናል፣ ግን ደረቅ ቆዳ የሚያለሰልሱ ሰው ናቸውና ተስፋ አለኝ።

አንድ ጥያቄ ብቻ ቀረኝ። «ጣሊያኖች እኮ ሌላ ናቸው!» ላላችሁት ሁሉ፣ ከእኔ ከራሴ ጀምሮ። ፎቶው ያው የድሮው ነው። ስፌቱም ያው ነው፣ አንድ ክር አልነካሁም።

አሁንስ ያምራል?