የቅዳሜው ዘንግ መራጭ

ሱቅ ያለበት ከተማ ሁሉ አንድ ክቡር መራጭ አለው። ታውቁታላችሁ። ጫማ ቤት ገብቶ አሥራ ሁለት ጥንድ ካስወረደ በኋላ በመጣበት አሮጌ ጫማ ተመልሶ የሚወጣው እሱ ነው። ሐብሐብ እያንኳኳ ጆሮውን የሚያስጠጋው፣ የግድግዳ ቀለም ናሙና ሲሰበስብ ኖሮ ቤቱን ሳያስቀባ የሚያረጀው፣ ፍራሽ ላይ ተጋድሞ «እስቲ ላስብበት» ብሎ የሚነሳው እሱ ነው። አይገዛም፤ ግን ደግሞ አይቀርም። ነጋዴ ሁሉ ሲያየው ያማርራል፣ የጠፋ ቀን ደግሞ «ምን ነካው?» ብሎ ይጠይቃል።

ለአንዲት የዓሣ ማጥመጃ ዕቃ ሻጭ የደረሳት መራጭ ግን ከመራጮች ሁሉ የላቀ ነበር። ጡረታ የወጣ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነው። ለወንዝ የሚሆን አንድ የማጥመጃ ዘንግና አንድ የክር ማጠንጠኛ ለመምረጥ ወደ ሱቋ መመላለስ ከጀመረ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ልክ አራት ሰዓት ላይ የበሩ ደወል ትጮኻለች። ኮፍያውን አውልቆ፣ ጫማውን ጠርጎ ይገባና «ደህና አደርሽ እህት ዓለም? ዛሬስ ጨርሼ ነው የምሄደው» ይላል። ጨርሶ አያውቅም። ሲወጣ ደግሞ «ችኮላ የለም፣ ወንዙ የትም አይሄድም» ይላል፣ ቀኑን ሙሉ ከመሄድ በቀር ሌላ ሥራ ስለሌለው ወንዝ።

ነገሩን ለማያውቅ ሰው ዘንግ ሁሉ ዘንግ ነው። ወንዝ ላይ በቡሽ የሚያጠምድ ሰው ግን ክሩ ላይ የታሰረውን፣ ዓሣ ሲነክስ የሚሰምጠውን ተንሳፋፊ ቡሽ ውሃው ላይ አስቀምጦ ወራጁ እንዲወስደው ይለቀዋል። ክሩ ውሃው ላይ ከተኛ ቡሹን ይጎትትበታል፤ ስለዚህ ዘንጉ አራት ሜትር ያህል መርዘም፣ ያም ሆኖ ክንድ የማያዝል ቀላል መሆን አለበት። ማጠንጠኛውም ውሃው በጠየቀው መጠን ክሩን ሳያንገራግር መልቀቅ ይኖርበታል። ይህን ያህሉን ባለሱቋ በመጀመሪያው ቅዳሜ አስተማረችው። ከዚያ በኋላ ያለውን ሁለት ዓመት እሱ ነው ያስተማራት። ከቤቱ ሚዛን ተሸክሞ መጥቶ ማጠንጠኛዎቹን አንድ በአንድ መዘነ። እያንዳንዱን ዘንግ ከእያንዳንዱ ማጠንጠኛ ጋር አጋጥሞ በአንድ ጣቱ ላይ እያስተኛ፣ ወደ የት እንደሚያጋድል ትንፋሹን ውጦ ተመለከተ። ውጤቱን ደብተር ላይ ጻፈ። ደብተሩ ሲያልቅ ከማዶ ሄዶ ሌላ ገዛ፤ ደብተር ሲገዛ እንደማይመርጥ ያወቀችው ያኔ ነው።

ዘንግ የሚሞክረው ደግሞ ተቀምጦ ነው። በርጩማው ላይ ወገቡን አቅንቶ ይሰየማል፣ ከመወርወሩ በፊት በትከሻው በኩል ዞር ብሎ የሌለ መስታወት ያያል፣ ከዚያ ማጠንጠኛውን ማዞር ሲጀምር ግራ እግሩ ብድግ ብሎ ወለሉን ይረግጣል።

«ክር ለመጠቅለል ፍሪሲዮን አያስፈልግም እኮ ጋሼ» አለችው አንድ ቀን።

«እኔም እነግረዋለሁ፣ አልሰማ አለኝ» አለ እግሩን እያየ። ሁለቱም ሳቁ። እግሩ ግን አልተወም።

አራት ሜትር ዘንግ ሱቅ ውስጥ ስለማይዘረጋ የመጨረሻው ፈተና የሚካሄደው ውጭ፣ የእግረኛ መንገድ ላይ ነው። አንድ ቅዳሜ የዘንጉ ጫፍ የአንዲት መንገደኛ ኮፍያ ከራሷ ላይ አነሳ። ክቡር መራጭ ኮፍያውን አየር ላይ እንዳንጠለጠለ «አየሽ? ሸክም ሲያገኝ ጫፉ እንዴት እንደሚጎብጥ አየሽ?» ብሎ ባለሱቋን ጠራት። ሴትዮዋ ቁጣዋን እስክትጨርስ ድረስ ጉብጠቱን በደብተሩ አስፍሮ ነበር።

ማዶ ያለው ፀጉር አስተካካይ ይህን ሁሉ በመስኮቱ ይከታተላል። ደንበኞቹ ለፀጉራቸው ይምጡ ለትርኢቱ እርግጠኛ አይደለም።

«ዛሬም አልገዛም?» ይላታል።

«ዛሬም።»

«ይሄ ሰውዬ ሚስት ሊመርጥ ቢነሳ ሙሽሪት ቬሎዋን እንደለበሰች አርጅታ ነበር የምትሞተው! እኔ ብሆን ወይ ግዛ ወይ ውጣ ነው የምለው።»

ባለሱቋ ፈገግ ትልና የተጠረገውን ወለል ልትጠርግ ወደ ውስጥ ትገባለች።

የመምረጡን ምክንያት ያወቀችው አንድ ዝናባም ቅዳሜ ነው። ሌላ ደንበኛ አልነበረም። ሚስቱ ከሞተች ስድስት ዓመት እንደሆነው፣ ልጆቹ በየፊናቸው እንደሄዱ ነገራት። ከዚያ ስለ ድልድዩ አነሳ። ሠላሳ አንድ ዓመት የነዳበት መስመር በወንዙ ድልድይ ላይ የሚያልፍ ነው፤ በቀን አሥራ አራት ጊዜ። ድልድዩ ላይ መቆም ክልክል ነው። ከታች፣ ወደ ውሃው ያዘነበለ ዛፍ ሥር፣ ሁልጊዜ አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ያጠምዳል። ሰዎቹ ይቀያየራሉ፣ ቦታው ግን ያው ነው።

«ቀይዋን ቡሽ አያታለሁ» አላት። «አራት ሴኮንድ ቢሆን ነው። ከዚያ የድልድዩ ብረት ይጋርደኛል።»

አንድ ቀን ፊት ለፊቱ መኪና ተበላሽቶ መንገዱ ተዘጋ። አውቶቡሱ ድልድዩ ላይ አሥራ አንድ ደቂቃ ቆመ። ተሳፋሪው ይነጫነጫል፣ እሱ መስኮቱን ከፍቶ ቁልቁል ያያል። በሥራ ዘመኔ እንደዚያች አሥራ አንድ ደቂቃ ደስ ያለኝ ጊዜ የለም አለ። መጨረሻ ላይ ቡሿ ነቅነቅ፣ ነቅነቅ አለችና ሰመጠች። አጥማጁ ብድግ አለ፣ ዘንጉ ጎበጠ። ልክ ያኔ መንገዱ ተከፈተና ከኋላ ያለው መኪና ሁሉ ጥሩምባውን ለቀቀው።

«ምን ወጣ?» አለች ባለሱቋ።

«እኔ ምኑን አውቄ? ነዳሁ።»

ሃያ ዓመት ሙሉ ስለያዙት ዓሣ የሚዋሹ ሰዎችን ስትሰማ ኖራለች። ያላየውን ዓሣ የሚናፍቅ ሰው ሲገጥማት የመጀመሪያዋ ነበር።

እሷ ሱቁን የወረሰችው ከአባቷ ነው። መጀመሪያ እሳቸውን ስታስታምም፣ ቀጥሎ ለሱቁ ደፋ ቀና ስትል፣ የትዳሩ ነገር «ቆይ» እንደተባለ ቀርቷል። ሃምሳ ሁለት ዓመቷ ነው። ወደዚህ ሱቅ የሚገባ ሰው ሁሉ የሚገባው ለመሄድ ነው፤ ዕቃውን ይገዛል፣ ልቡ ቀድሞት ወንዝ ወርዷል፣ መልሱን እንኳ ሳይቀበል ይወጣል። ገብቶ የሚቀመጥ ይሄ ሰው ብቻ ነበር። «እህት ዓለም» ሲላት ግን ቅር ይላታል፤ ማን እህት አድርጎ እንደሾማት አታውቅም። ቅዳሜ ጠዋት ፀጉሯን የምታበጥረው ከሌላው ቀን ረዘም ላለ ጊዜ ነው። እንግዲህ ምን ይደበቃል? ወዳዋለች።

ከወደደችው አይቀር ጥፋቷም ይነገር። ይህን ያህል መራጭ ብቻውን አይሆንም፤ አጋዥ ይፈልጋል። አምና አንድ ቅዳሜ ክቡር መራጭ ጥቁሩን ዘንግ ከትንሿ ከበሮ መሳይ ማጠንጠኛ ጋር አጋጥሞ ጣቱ ላይ ቢያስተኛው፣ ወዲህም ወዲያም ሳይል ቀጥ ብሎ ተኛለት። ቀና ብሎ አያት።

«ይሄ ነው መሰለኝ» አለ፣ ቢጮህ የሚበር ይመስል በሹክሹክታ።

እውነትም እሱ ነበር። ባለሱቋ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እሱ መሆኑን ታውቃለች። ነገር ግን ሰውየው ያንን ዘንግ ተሸክሞ በዚያ በር ሲወጣ፣ ከዚያም ተከታትለው የሚመጡት ባዶ ቅዳሜዎች ታዩዋት።

«ጫፉ ግን ለመጉበጥ ትንሽ አይደርቅም?» አለች።

«ይደርቃል እንዴ?»

«ለኔ መሰለኝ። እርስዎ ያውቃሉ።»

«እስቲ ላስብበት» አለና ደብተሩን አወጣ።

ከዚያ ወዲህ ልማድ ሆነባት። አንዱን «መያዣው ያንሸራትታል»፣ ሌላውን «ለንፋስ አይሆንም»፣ ሌላውን ምንም ስታጣለት «ቀለሙን አልወደድኩትም» ትለዋለች። ለደንበኛ እንዳትዋሽ ተመክራ ያደገች ሴት ናት። ደግሞ የምትዋሸው ለዚህ ደንበኛ ብቻ መሆኑ አያጽናናትም ነበር።

ዘንድሮ አንድ ቅዳሜ ክቡር መራጭ ሩብ ሰዓት አርፍዶ መጣ። ከዘራ ይዟል። በርጩማው ላይ ሲቀመጥ ፊቱ ተጨማደደ።

«ምን ሆኑ ጋሼ?»

«ጉልበቴ ነዋ። ሠላሳ አንድ ዓመት ፍሪሲዮን ረግጠህ ጉልበት ከየት ይምጣ አለኝ ሐኪሙ። ወደ ወንዙ መውረጃው ቁልቁለት ነው አሉ። ዘንድሮ በከዘራም ቢሆን እወርደዋለሁ። ለከርሞ ግን እንጃ።» ከዚያ እንደ ልማዱ «ችኮላ የለም» ብሎ ጀመረና የቀረውን ተወው።

ለራሷ ቅዳሜ ስትል የሱን ወንዝ ይዛበት እንደኖረች ገባት። መሰላሉን አቆመች፣ ወጥታ ጥቁሩን ዘንግ አወረደች፣ ትንሿን ማጠንጠኛ ገጠመችለት።

«ይሄ ነው» አለችው።

«ጫፉ ይደርቃል ያልሽው አይደለም?»

«አይደርቅም። ያኔም ይሄ ነበር።»

ክቡር መራጭ ዘንጉን ሳይሆን እሷን ለረጅም ጊዜ ተመለከተ። «ላስብበት?» አለ፣ እንደ መለመን ብሎ።

«አይቻልም» አለች። «ይበቃል። ይሂዱ።»

ክሩን ጠቀለለችለት። ሦስት ቀይ ቡሽ፣ በቆርቆሮ ክሩን ወደ ታች የሚያሰምጡ ትንንሽ የእርሳስ ጠጠሮች ጨመረች። በመጨረሻ የመንጠቆውን መሳቢያ ሳበች፣ አንድ ሳጥን አነሳችና ይዛው ቆመች። ይህ ከተጨመረ ሰውየው የሚጎድለው ነገር የለም። ምንም ያልጎደለው ሰው ደግሞ ምን ሊያደርግ ይመለሳል? ሳጥኑን መልሳ አስቀመጠች፣ መሳቢያውን በዳሌዋ ገፋ አድርጋ ዘጋችው፣ ዕቃውን በገመድ አሰረች።

«ደህና ሁኚ እንግዲህ» አለ። በሩ ላይ ቆም ብሎ ኮፍያውን አደረገና ወጣ። ማዶ ፀጉር አስተካካዩ ዘንጉን ሲያይ፣ ጎል የገባ ይመስል «ገዛ!» ብሎ መንገዱን በጩኸት አናወጠው።

ያ ሳምንት እንዴት እንዳለፈ እሷ ነች የምታውቀው። በዚያ ጉልበቱ ቁልቁለቱን ወርዶ፣ ያን ያህል ዓመት የናፈቀው ቦታ ላይ ተቀምጦ፣ ዕቃውን ከፍቶ መንጠቆ ሲፈልግ ይታያታል። ረቡዕ ላይ ሱቁን ዘግታ መንጠቆውን ልታደርስለት ተነሳች። ቤቱን አታውቀውም። ሁለት ዓመት ሙሉ የዘንግ ርዝመት ሲለካኩ የት እንደሚኖር አልጠየቀችውም።

ቅዳሜ አራት ሰዓት ሆነ፣ አልመጣም። አምስትም ስድስትም አለፈ። ፀጉር አስተካካዩ አንገቱን አስግጎ «እንኳን ተገላገልሽ!» አላት።

«አዎ፣ ተገላገልኩ» አለች፤ ዓይኗ እንባ አቅርሮ ስለነበር ቶሎ ወደ ውስጥ ገባች።

ስምንት ሰዓት ላይ ደወሏ ጮኸች። ክቡር መራጭ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ጭቃ ነው፣ አፍንጫውን ፀሐይ መትቶታል። ዘንጉን በጥንቃቄ አስደግፎ በርጩማው ላይ ተቀመጠና ጉልበቱን አሸት አሸት አደረገ።

«ከወንዙ መምጣቴ ነው» አለ። «ከጠዋት ጀምሮ ዛፉ ሥር ነበርኩ። ቡሹን እለቀዋለሁ፣ ውሃው ይወስደዋል፣ እጠቀልላለሁ፣ ደግሞ እለቀዋለሁ። በላዬ አውቶቡስ ያልፋል። ሹፌሩ ቁልቁል ሲያየኝ እንዴት እንዳሳዘነኝ!»

«ያዙ?» አለች።

«በምን ልያዝ? መንጠቆ የለው።»

ፊቷ ቀላ። «ረስቼው ነው ጋሼ፣ ይቅር ይበሉኝ...»

«አልረሳሽም። ስታነሺውም ስትመልሺውም አይቻለሁ። እጅሽን ነበር የማየው።»

«ታዲያ ምነው ዝም አሉ?»

ኮፍያውን በጣቶቹ መሃል አዟዟረ። «ብናገር ትጨምሪልኝ ነበር። ዛሬ ምን ብዬ እመጣለሁ?»

ክቡር መራጭ ከዚህ በላይ ድፍረት አልነበረውም። ጉሮሮውን ጠረገ፣ ከኪሱ አዲስ ደብተር አውጥቶ የመጀመሪያውን ገጽ በመዳፉ ደልደል አደረገ።

«በይ እንግዲህ» አለ። «የመንጠቆ ነገር ቀላል አይደለም ይባላል። ስንት ዓይነት አለሽ?»

«ሠላሳ ስድስት» አለች።

የነበራት ዘጠኝ ነው። የቀረውን ሰኞ ታዝዛለች።