ዝም ብዬ ያለፍኳቸው ደብሮች

ጋይንት ተወልዶ ውሃ አልፈራም የሚል ሰው ካጋጠማችሁ፣ ውሃ አላየም ማለት ነው። እኛ የምናውቀው ውሃ ወይ እንስራ ውስጥ ያለ ነው፣ ወይ ክረምት ላይ ገብሳችንን ጠርጎ የሚሄድ። በላዩ ተቀምጦ ከደሴት ደሴት መንሸራሸር ደግሞ ምን የሚሉት ጣጣ ነው?

የኔ ጣጣ የመጣው ከአባቴ ነው። ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶት ብርሃንና ጥላ ብቻ መለየት ከጀመሩ ከርመዋል። ባሕር ዳር ወስጄ ላስገፍፍልዎ ብዬ ስንት ጊዜ እንደለመንኳቸው! በመጨረሻ እሺ አሉ፤ ግን መጀመሪያ የጣናን ገዳም ሊሳለሙ። በወጣትነታቸው የተሳሉት ስለት ነው። ስለቴን ሳላደርስ ዓይኔን ማንም አይነካትም ብለው ቁርጡን ነገሩኝ። እኔም ተራ የወረዳ ሠራተኛ መሆኔን ረስቼ፣ እንደ መኳንንት አንዲት ጀልባ ለብቻችን በኮንትራት ያዝኩ።

ጀልባዋ ስትነሣ ላይፍ ጃኬቴን እስከ አንገቴ ቆለፍኩ። አባቴ ጋቢዬ ይበቃኛል አሉ። ከዚያ አደራ ጣሉብኝ፤ ሳይሳለሙ እንዳያልፉ፣ ደብር በታየ ቁጥር እንድነግራቸው። ከንፋስ መውጫ ስንመጣም ሚኒባስ ውስጥ የሠራሁት ይህንኑ ነበር። ምን ይከብዳል?

ሚኒባስ ግን አይዘምም! ከመጀመሪያዋ ደሴት ጉልላት ብቅ ሲል ነገርኳቸው። አባቴ ብድግ ብለው፣ ጋቢያቸውን አጣፍተው፣ ዝቅ ብለው እጅ ነሡ። ጀልባዋም አብራቸው እጅ ነሣች። ውሃው እግሬ ላይ ፈሰሰ። ባለጀልባው ጨዋ ሰው ነው፤ አባባ ይቀመጡ፣ ተቀምጠው ቢሳለሙም ይደርሳል እያለ ለመናቸው። ማን ሰምቶት! የድጓ መምህራን አገር የሆነችው የጋይንቷ ቤተ ልሔም ሰው ናቸው፤ ተቀምጦ መሳለም ለእሳቸው ተኝቶ እንደ መቀደስ ነው።

ሁለተኛው ደብር ሲታይ፣ እንግዲህ እውነቱን ልናገር፣ ዝም አልኩ። ሦስተኛውንም ዝም። ለራሴም ምክንያት አላጣሁም፤ ዋናው ስለታቸው ይድረስ እንጂ የመንገዱ ቢቀር ምን አለበት አልኩ። ሰው ሲፈራ እንዴት ያለ ሊቅ ይሆናል!

ደረስን። አባቴ የቤተ ክርስቲያኑን በር በእጃቸው ዳሰው ዳሰው አገኙት፤ ግንባራቸውን አስደግፈው ብዙ ቆዩ። ሲያለቅሱ አይቼ አላውቅም ነበር። ዓይናቸው ደህና ሳለ ምነው ባመጣኋቸው አልኩ።

ከዚያ ወጥተን ዛፍ ጥላ ሥር አረፍ አልን። ለካስ ባለጀልባው ደብር ባለፈ ቁጥር ሞተሩን አጥፍቶ አማትቦ ነው የሚያልፈው። እኔ ማዕበል ማዕበሉን ሳይ ልብ አላልኩትም። አባቴ ግን ጆሮ አላቸው።

«ሞተሩ ሦስት ጊዜ ዝም አለ» አሉኝ። «አንተ የነገርከኝ አንዱን ነው።»

ጀልባዋ የምትገለበጥ መስሎኝ ፈርቼ ነው አባባ፣ ይቅር ይበሉኝ አልኳቸው። አለቀ፣ ስለቱም ተበላሸ፣ ሕክምናውም ቀረ ብዬ አንገቴን ደፋሁ። በእጄ ያለውን እሺታ በገዛ ፍርሃቴ አባከንኩት።

አባቴ አልተቆጡም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ምርኩዛቸውን ይዘው ቀስ ብለው ተነሡ።

«በል፣ ነገ ሐኪሙ ዘንድ ውሰደኝ» አሉ። «ከሁለታችን አንዳችን እንኳ ማየት አለብን።»