የእትዬ የገበያ ጥናት

ተፎካካሪን ሊሰልል ሄዶ የተፎካካሪው መካሪ ሆኖ የሚመለስ ሰው የሌለበት ዘመድ አዝማድ የለም። ለእኛ ቤት የደረሰችን ታላቅ እህቴ ናት።

እኔና እትዬ ኮምፖስት እናመርታለን፤ የአትክልት ልጣጭና ፍግ ከምረን፣ አብስለን፣ በጆንያ እንሸጣለን። ጓሮውን ያከራዩን ሰውዬ እስከ ወሩ መጨረሻ ቋሚ ገዢ ካላሳየናቸው ቦታውን ለጋራዥ ሊሰጡት ቆርጠዋል። የቀረን ተስፋ አንድ ነበር፤ የችግኝ ጣቢያው ባለቤት ሁለት መቶ ጆንያ የሚያቀርብላቸውን ሰው ሐሙስ ጠዋት ሊመርጡ ነው። ስለዚህ የተፎካካሪዎቻችንን ልክ ማወቅ ግድ ሆነ። እኔን ግን ሻጭ ሁሉ ያውቀኛል፤ ሚዛኑን ሳልፈትሽ ያለፍሁት የለምና። በዚህ ምክንያት ክብርት የገበያ ጥናት ኃላፊ ሆና የተሾመችው እትዬ ናት።

«ዋጋ ጠይቂ፣ ጆንያ ቁጠሪ፣ አፍሽን ዝጊ» አልኳት።

«ምን አገባኝ ብዬ እናገራለሁ?» አለች።

ምን እንዳገባት እስካሁን አልገባኝም፤ ተናገረች። የመጀመሪያው ሻጭ ዘንድ ከጆንያው ጨብጣ ስትጨምቀው ውሃ ተንጠባጠበ። «ውይ ልጄ፣ ይሄ እኮ ታፍኗል! ደረቅ ቅጠል ጨምርበት» ብላ መከረችው። የሁለተኛዋ ሴትዮ ክምር ይሸት ስለነበር እጅጌዋን ሰብስባ አብራት አገላበጠች። ሦስተኛው ዋናው ባላንጣችን፣ ባለ አረንጓዴ ጆንያው ነው። የዚህ ሰው ወንፊት ቀዳዳው ሰፊ በመሆኑ ጠጠር ያሳልፍ ነበር። «ነበር» ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም፤ የእኛን አዋሰችው።

«የማንን ወንፊት?»

«ሰኞ ይመልሳል። ደህና ሰው ነው።»

«ባላንጣ ነው እኮ!»

«ባላንጣስ ቢሆን ጠጠር ይሽጥ?»

የጥናቱ ውጤት ባጭሩ ይህ ነበር፦ ሦስቱም ተፎካካሪዎቻችን ከመጠናታቸው በፊት ከነበሩት ተሽለው ተገኙ።

እኔም ፈራሁ፤ ስፈራ ደግሞ እቸኩላለሁ። ሊደርስ ሦስት ሳምንት የሚቀረውን ክምር እሷ ሳታውቅ ከፈትሁ። ወንፊቱ ባላንጣችን ዘንድ ስለሆነ ጠጠሩን በጣቴ ለቀምሁ፤ ከዚያ በጆንያ ሞልቼ አፉን ሰፋሁት።

ሐሙስ ጠዋት በጣቢያው በረንዳ ላይ ለመጨረሻው ምርጫ ያለፉ ሁለት ጆንያዎች ተከፍተው ቀረቡ፤ አንዱ የእኛ፣ ሌላው የባለ አረንጓዴው። ባለቤቱ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲመላለሱ ትንፋሼን ውጬ ቆምሁ።

«የእናንተ ጠቆር ይላል፤ መልኩን ወድጄዋለሁ» አሉና እስክሪብቶ አወጡ።

በዚህ ጊዜ እትዬ እጇን ወደ ጆንያችን ሰደደች። ክርኗ ድረስ ሲገባ ፊቷ ተለዋወጠ። ዞራ አየችኝ። በዓይኔ ለመንኋት።

«ጌታዬ፣ ይሄን አይውሰዱ» አለች። «ገና ትኩስ ነው፤ የችግኝዎን ሥር ያቃጥለዋል። የእሱ ደርሷል፤ ከእሱ ይግዙ።»

ባለ አረንጓዴ ጆንያው ራሱ ደነገጠ። «ኧረ እትዬ፣ ምን ነካዎት?»

ባለቤቱ እጃቸውን ከተቱ፤ ወዲያው መዝዘው አወጡ።

«አንተ ስንት ጆንያ አለህ?» አሉት ባላንጣችንን።

«መቶ ሃያ።»

ጻፉ። ከዚያ ወደ እህቴ ዞሩ። «የቀረውን ሰማንያ ከእርስዎ እወስዳለሁ። ‹ደርሷል› የሚሉኝ ግን እርስዎ ነዎት፤ እኚህ ሰውዬ አይደሉም።»

«እኚህ ሰውዬ» እኔ ነበርሁ።

ለባለ ጓሮው የምናሳየውን የሰማንያ ጆንያ የግዢ ወረቀት ኪሴ ከትቼ ወጣን። በር ላይ ልቆጣት አስቤ ነበር፤ ቀደመችኝ።

«ማን ከፈተው?»

«እኔ።»

«ችግኙ ምን በደለህ?»

መዳፏን ዘረጋች። «የጓሮውን ቁልፍ አምጣ። ሦስት ሳምንት ከእኔ ጋር ይቆያል።»

ለሚስቴ እንኳ ሰጥቼ የማላውቀውን ቁልፍ ከአንገቴ ፈትቼ አስረከብኋት። እስከ ቤት ድረስም፣ የት እንዳስቀመጠችው አንዴ እንኳ ዞሬ አላየሁም።